«አማቴ መፋቂያውን ከእጄ ነጠቁኝ!»

ወናጎ ያገባች ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው ግን ዲላ ከተማ ነው፤ ቆጮ በላች እንጂ እንሰት ፍቃ አታውቅም። ይሄ ለአማቷ አልዋጥ አላቸው። የጎረቤት ሴቶች ጓሮ ውስጥ ለመፋቅ በተሰበሰቡበት ቀን መፋቂያ ሰጧት። ሁለቴ ሳብ እንዳደረገች «አምጪው ወዲያ! ይሄን ሁሉ ምግብ ልትጥይ?» ብለው ነጠቋት። ሴቶቹ ሳቁ። ማታ ለባሏ «ከእንግዲህ እናትህ ጓሮ ድርሽ አልልም!» አለችው። ባል ሆዬ መሐል ላይ ተወጥሮ ቀረ።

እስቲ እንፍረድ። ልጅቷ ሰነፍ ናት? አይደለችም። አማትየውስ ክፉ ናቸው? እሳቸውም አይደሉም። ሲፍቁ ኖረው እጃቸው የለመደውን በአፍ ማስረዳት አቃታቸው እንጂ።

መቼም እንሰት መፋቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከግንዱ የተገነጠለውን ሽፋን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድሞ፣ በእግር ደግፎ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል መሳብ ነው። እጅ ከበረታ ቃጫው እየተቆረጠ ቆጮው ውስጥ ይገባል፤ ከላላ ደግሞ ምግቡ ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይሄን ልክ ማን በቃል ይነግርሃል? እጅ ራሱ እየሳተ ነው የሚያገኘው።

ታዲያ ዝም ብለው ይዩአት ማለታችን ነው? ለጥቂት ጊዜ፣ አዎን! እ.ኤ.አ. በ1990 ካሮሊ ዊንስታይንና ሪቻርድ ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ የክንድ እንቅስቃሴ አለማመዱ። ከፊሎቹ በሞከሩ ቁጥር ውጤታቸው ተነገራቸው፤ ሌሎቹ ግን በሙከራቸው ግማሽ ላይ ብቻ። ቆይተው ሲፈተኑ የተሻለ ያስታወሱት ጥቂት የተነገራቸው ናቸው። ስለዚህ አማትየው አምስት ስድስት ጊዜ ትሳብ ብለው ይታገሱ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ያርሟት። «ክንድሽን እንዲህ አድርጊ» ከሚሏትም «ቃጫው እስኪነጣ ሳቢ» ቢሏት ይሻላል። ሐሳቧ ክንዷ ላይ ሳይሆን ሥራው ላይ ይዋል።

ሌላው፣ ቀኑን ሙሉ አታስፈጓት። እንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞች የጽሕፈት መኪና ዓይነት ቁልፍ መምታት ሲማሩ፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመዱት በቀን አራት ሰዓት ከለፉት ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ቻሉ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የሚገርመው በሥልጠናው ብዙም ያልተደሰቱትም እነዚሁ አንድ ሰዓቶቹ ነበሩ፤ የቀኑ ብዛት አሰልችቷቸው ይሆናል። እናም ልጅቷ ጥቂት ፍቃ ትነሳ፣ በነጋታው ትመለስ። «ምንም አልተማርኩም» ብላ ብታስብ አይፈረድባትም፤ ግን አትመናት!

ይሄን ሁሉ ለአማትየው የሚነግራቸው ልጃቸው ይሁን፤ ጎረቤት በሌለበት፣ ቡና እየተጠጣ። ሚስት ከተናገረች ሌላ ጠብ ነው። የመጀመሪያው ቆጮዋ ላይ ቃጫ ቢበዛም ባልየው ሳያጉረመርም ይብላ።