ሰፈር በሰፈር የሚነበብ ውጤት

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ዞንና የሐዋሳ ነዋሪ ድምፅ ሰጠ። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ያለ ሻፌታን፣ በደቡብ ክልል ሥር ይቆይ ያለ ጎጆን መረጠ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከሦስት ቀን በኋላ ይፋ ባደረገው ውጤት መሠረት ከተመዘገቡት 2,279,022 ሰዎች 2,277,063ቱ ድምፅ ሰጥተዋል። 2,225,249 ድምፅ ለሻፌታ፣ 33,463 ድምፅ ለጎጆ ሆነ፤ ቀሪው 18,351 ዋጋ አልባ ነበር። በዚያ ውጤት አዲስ ክልል ተወለደ፣ ሐዋሳም መቀመጫው ሆነች። በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን እነዚህ ቁጥሮች ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። የሐዋሳ ሰው በየትኛው ክልል ሥር መተዳደር እንደሚፈልግ በካርድ ተጠይቆ መልሷል። የሰፈሩን መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ የገበያ ቦታና የመሬት አጠቃቀም የሚወስኑለትን የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት አባላት በተመለከተ ግን ከሚያዝያ 2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ወዲህ በካርድ የጠየቀው የለም።

የአካባቢ ምርጫ ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ ሥልጣን ላይ ያርፋል፦ ማን ያሸንፋል፣ ማን ወንበር ያገኛል፣ ማን ከንቲባ ይሆናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ የምከራከረው ግን የምክር ቤት ምርጫ ውጤት ከሥልጣን ክፍፍል ባሻገር ከተማን ለማስተዳደር የሚያገለግል መረጃ ነው፣ ያውም ሌላ መተኪያ የሌለው መረጃ ነው ብዬ ነው። ቆጠራው አልቆ በምርጫ ጣቢያው ላይ የሚለጠፈውን የውጤት ወረቀት ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በዚያ ሰፈር ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ መጣ፣ ለእያንዳንዱ ዕጩ ስንት ድምፅ ወደቀ፣ ስንት ወረቀት ተበላሸ የሚለው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይገኛል። ያ ወረቀት የአንድ ሰፈር ሰዎች ያለ ካድሬ፣ ያለ ሽማግሌና ያለ ጎረቤት ዓይን፣ ለየብቻቸው የሰጡት መልስ ነው። ድምሩ ወደ ላይ ሲወጣና አሸናፊው ብቻ ሲታወጅ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ጎጆን የመረጡት 33,463 ሰዎች በመላው ዞን ተበትነው ከሆነ ትርጉሙ አንድ ነው፤ በጥቂት የከተማ ሰፈሮች ተሰብስበው ከሆነ ትርጉሙ ፍጹም ሌላ ነው። እነዚያ ሰፈሮች ዋስትና ይፈልጋሉ ማለት ነውና። ጠቅላላ ድምሩ ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው የጣቢያው ወረቀት ነው።

አንባቢ “ፕላን አውጪ መረጃ ከፈለገ ሕዝቡን ሰብስቦ ለምን አይጠይቅም?” ሊል ይችላል። ይጠይቃል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል፣ ውይይቱም ይደረጋል። ችግሩ ማን ይመጣል የሚለው ላይ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ስብሰባ አዳራሽ የሚመጣው በአብዛኛው ካርታ ያለው፣ የቤቱ ወይም የይዞታው ድንበር ሊነካብኝ ነው ብሎ የሰጋ፣ ጊዜ ያለውና መናገር የለመደ ሰው ነው። ይህ ሰው መደመጥ አለበት። ተከራይ ግን አይመጣም፤ ነገ ለቆ ሊሄድ ስለሚችል የሚጠራውም የለም። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ አንዷን የሰርቪስ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው በፈረቃ ይሠራሉ። የመንገድ መብራት፣ የሌሊት ትራንስፖርት፣ የጋራ ሽንት ቤትና የውኃ ቦኖ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚነካው እነሱን ነው። በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ግን ድምፃቸው አይሰማም። የምርጫ ሕጋችን ለመራጭነት የሚጠይቀው በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን እንጂ ካርታን አይደለም። በዚህ ረገድ የምርጫ ካርድ ከየትኛውም የውይይት መድረክ ይልቅ ፍትሐዊ ነው።

በዚህ ላይ የሕዝብ ቆጠራው ጉዳይ ይጨመራል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ሥር የተቆጠረው ሕዝብ 258,808 ሲሆን ከዚህ ውስጥ በከተማው ክልል የሚኖረው ከ157 ሺህ በላይ ነበር። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ዛሬ ትምህርት ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ የት ይሠራ ተብሎ ሲሰላ መነሻው ያ አሮጌ ቁጥርና ከእሱ የተቀመረ ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ የከተማን ጠቅላላ ዕድገት ሊጠጋ ይችላል እንጂ በታቦር ክፍለ ከተማ በኩል ያለ አንድ ሰፈር ከሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ዳር ካለው በምን ያህል ፍጥነት እንደሰፋ አይነግርም። የመራጮች ምዝገባ ቆጠራን አይተካም፤ ነገር ግን በየአምስት ዓመቱ ቢታደስ አዋቂው ነዋሪ የት እንደበዛ የሚያመለክት ሁለተኛ ማስረጃ ይሆን ነበር። ቆጠራም የአካባቢ ምርጫም በሌለበት ከተማ በጀት የሚደለደለው የሚመሩት ሰዎች በሚያውቁት ልክ ብቻ ነው። የሚያውቁት ደግሞ የሚያመላልሳቸውን መንገድና የሚያነጋግራቸውን ሰው ነው።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው መቃወሚያ ልምጣ። “የአካባቢ ምርጫ በ2000 እና በ2005 አይተናል፤ ውጤቱ ምን አስተማረን?” የሚል ሰው ተገቢ ነገር ይጠይቃል። በእነዚያ ምርጫዎች በአገሪቱ የተሞላው የምክር ቤት ወንበር 3.6 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሕዝቡ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ስለነበር ይህ ማለት ለሃያ ሰው አንድ ወንበር ነው። የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ስለተለጠጠ ከገዢው ግንባር በስተቀር ያንን ሁሉ ዕጩ ማቅረብ የሚችል ድርጅት አልነበረም። ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎችም ወይ ራሳቸውን አገለሉ ወይ መድረክ ተነፈግን አሉ፤ ወንበሩም ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ኢሕአዴግ ሄደ። ዕጩዎቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ከሆኑ ድምፅ መረጃ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ተቃዋሚዬ ትክክል ነው፦ እንደዚያ ያለ ምርጫ ለፕላን አውጪም ለማንም የሚነግረው ነገር የለም። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግን ምርጫው ይቅር የሚል አይደለም። ወንበሩ ይቀነስ፣ ሰፈሩ በስሙ የሚያውቀው ሰው በግልም ሊወዳደር የሚችልበት ልክ ይበጅ፣ የውጤቱም ዝርዝር ይታተም የሚል ነው።

የወንበር ቁጥር ብቻውን እንዴት እንደሚያሳስት የአዲስ አበባ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በግንቦት 1997 የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ወንበሩን ግን አልተረከበም፤ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆይታ በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በተራው 137 ወንበር ወሰደ። በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ሕዝብ ሙሉ በሙሉ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተገለበጠ ብሎ የሚያምን አይኖርም። ወንበርን በአብላጫ ድምፅ የሚያከፋፍል ሥርዓት በሁለቱም ጊዜ የተሸነፈውን ወገን ከምክር ቤቱ አጠፋው እንጂ ከከተማው አላጠፋውም። በየሰፈሩ ስንት ሰው ለተሸናፊው ድምፅ እንደሰጠ የያዘ ሰነድ ለአስተዳደሩ ከወንበሩ ዝርዝር የበለጠ ይጠቅመው ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በለንደን የኒውሃም ክፍለ ከተማ በ2010 እና በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረጉት ምርጫዎች ሌበር ፓርቲ 60ውንም ወንበር ወስዷል፤ አንድም ተቃዋሚ አልገባም። እንግሊዝ ሲሆን ዴሞክራሲ፣ ሐዋሳ ሲሆን አውራ ፓርቲ የምንልበት ምክንያት የለም፤ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት እዚያም እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በእንግሊዝ ከተሞች በየምርጫ ቀጠናው ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ በስም ይታተማል፤ ተሸናፊው ስንት እንዳገኘ በማግስቱ የአካባቢው ጋዜጣ ላይ ይነበባል። በሊድስ ከተማ 33 ቀጠናዎች፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ተወካይ፣ በጠቅላላው 99 የምክር ቤት አባላት አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምርጫ የሚመረጠው ሲሶው ነው። በዚህ አሠራር አንድ ቀጠና ከአንድ ዓመት ወደ ቀጣዩ ሐሳቡን ሲቀይር ይታያል። ስኮትላንድ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ ለአካባቢ ምክር ቤቶች መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበትን፣ ወንበሩም ከድምፁ ጋር የሚመጣጠንበትን ሥርዓት ትጠቀማለች። እርግጥ ነው በእንግሊዝ ለአካባቢ ምርጫ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከመራጩ ሲሶ ብዙም አይበልጥም። ይህን እንደ ድክመት የሚያነሡ አሉ፤ ድክመትም ነው። ያም ቢሆን ሰው ያልወጣበት ሰፈር የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፤ አስተዳደሩ የትኛው መንደር ተስፋ እንደቆረጠበት ማወቁ ራሱ ትምህርት ነው። ሁሉም ወጣ የሚል ቁጥር ይህን ትምህርት አይሰጥም።

ከዚሁ ከሐዋሳ፣ ከጉዱማሌ ሜዳ የሚነሣ ሌላ መቃወሚያም አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማከብረው ይህንን ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ ሕዝቡን እዚህ ሜዳ ላይ ይሰበስባል። ሲዳማ ጉዳዩን በሶንጎ ተቀምጦ፣ አፊኒ ብሎ የሁሉንም ሐሳብ ሰምቶ፣ እስኪስማማ ድረስ የሚመክርበት የቆየ ሥርዓት አለው። እንዲህ ያለ ባህል ያለው ሕዝብ በኮሮጆ ለምን ይከፋፈላል የሚል ሰው ከቁም ነገር ተነሥቶ ነው የሚናገረው። ነገር ግን ሶንጎ የሚሠራው የሚተዋወቁ፣ ዕድሜና ትውልድ ያገናኛቸው፣ ነገም አብረው የሚኖሩ ሰዎች ሲቀመጡ ነው። ሐዋሳ ግን ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ሌላውም በአንድ አጥር ግቢ የሚከራይባት ከተማ ናት፤ ባለፈው ዓመት መሸኛ ይዞ የመጣ ሰው ሽማግሌ የለውም። ጉባኤ ስምምነትን ለማግኘት ይጠቅማል፤ አለመስማማት የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ግን ምስጢራዊ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለቱ አይጣሉም። የጣቢያው ውጤት አንድ ሰፈር ቅሬታ እንዳለው ሲያሳይ፣ ቀጥሎ በዚያ ሰፈር ተቀምጦ መስማት የሶንጎ ሥራ ነው።

“ሐዋሳ በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 ደም የፈሰሰባት ከተማ ናት፤ የሰፈር ውጤት ማተም እሳት መጫር ነው” ለሚለው ስጋት ቀላል መልስ የለኝም። በመቶዎች የሚቆጠሩ መራጮች ባሉበት ጣቢያ ማን ለማን እንደመረጠ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም። ሰፈሩ ግን በጅምላ ሊፈረጅ ይችላል፤ በተለይ ሰፈርና ብሔር በሚገጣጠሙበት ቦታ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ስለዚህ ድምፁ በጣም ያነሰባቸው ጣቢያዎች ከአጎራባቾቻቸው ጋር ተደምረው ቢታተሙ እመርጣለሁ። ከዚህ በላይ ግን ፍርሃቱ መረጃውን ሙሉ በሙሉ እንዲደብቅ አልስማማም። ሁለቱ ግጭቶች የተነሡት የሰፈር ውጤት ታትሞ አይደለም፤ የአካባቢ ምርጫ ከናካቴው ባልነበረበት ዘመን ነው። በዚያው ሐምሌ 2011 ምርጫ ቦርድ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት የሐዋሳ ጉዳይና የሌሎች ብሔረሰቦች መብት በሕግ ማዕቀፍ እንዲታሰርለት መጠየቁ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ከተማዋ ውስጥ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ እንዳለ ተቋሙ ያውቅ ነበር። ዋስትና በወረቀት ላይ ከመጻፉ በተጨማሪ ባለመብቱ በየጊዜው የሚናገርበት ወንበር ሊኖረው ይገባል። በክፍለ ከተማ ደረጃ ለብዙ ወንበር በአንድ ላይ ተወዳድሮ ድምፅን በመጠኑ የሚያከፋፍል ሥርዓት ቢዘረጋ፣ አናሳ የሆነ ወገን በሰፈሩ ባያሸንፍም ከምክር ቤቱ አይጠፋም።

ምክር ቤቱ አቅም ስለሌለው ምርጫው ከንቱ ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የከተማ ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፤ ከተማም በሊዝ መሬት ያስተላልፋል። በዚህ አገር ከመሬት የበለጠ አቅም ያለው ውሳኔ የለም። የወጪውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሌላ ምርጫ በሚደረግበት ቀን በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው አስፈጻሚ አንድ ተጨማሪ ወረቀት መስጠት ይቻላል።

የአካባቢ ምርጫ በ2010 ለአንድ ዓመት ተራዘመ፤ በ2011 ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር እንዲደረግ ተባለ፤ በ2012 ኮሮና መጣ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 አገር አቀፉ ምርጫ ሲደረግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲመረጡ የወረዳና የቀበሌው ቀረ። በዚህ መካከል በሐዋሳ ስምንቱም ክፍለ ከተሞች መንገድ ተቆርጧል፣ ቦታ ተሸንሽኗል፣ የሐይቁ ዳር ተከልሏል። እያንዳንዱ ውሳኔ ሕጋዊ ፊርማ አለው፤ የመራጭ ድምፅ ግን የለበትም። ምርጫው በሚቀጥለው ጊዜ ቀን ሲቆረጥለት ባለሙያዎች ከወዲሁ ልንጠይቅ የሚገባን ሁለት ነገር ነው፦ የምርጫ ቀጠናዎቹ ወሰን ከሰፈርና ከቀጠና ፕላን ወሰን ጋር እንዲገጥም፣ የእያንዳንዱ ጣቢያ የውጤት ወረቀትም ከግድግዳው ከተነሣ በኋላ ማንም ዜጋ ሊያገኘው በሚችል ቦታ እንዲቀመጥ። ወሰኑን ለማጣጣም የከተማ ፕላን ክፍሎች ካርታው በእጃቸው ነው፤ ሥራው ቀን እስኪቆረጥ መጠበቅ የለበትም።