አራት ሰው የምትይዘው ፌራሪ

ስለ ድሮ ፌራሪዎች ወሬ ሲነሳ ቀድማ የምትጠራው 250 ጂቲኦ ናት። 36 ብቻ የተሠራች፣ ዛሬ በአስር ሚሊዮኖች ዶላር የምትሸጥ የውድድር መኪና ስለሆነች አይገርምም። የሚቆጨኝ እህቷ 250 ጂቲኢ ለዓመታት የመለዋወጫ መጋዘን ተደርጋ መታየቷ ነው።

ጂቲኢ እ.ኤ.አ. በ1960 በለ ማን ውድድር ላይ የውድድሩን ዳይሬክተር ይዛ ታየች፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ ኤግዚቢሽን ለገበያ ቀረበች። ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ድርጅት ፒኒንፋሪና ነው። እስከ 1963 ድረስ 950 ያህል ተሠርታለች፤ ለዚያ ዘመን ፌራሪ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ሞተሯ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 2953 ሲሲ፣ 240 የፈረስ ጉልበት።

ብዙ ሰው አራት ወንበር እንዲገባ መኪናዋ የተለጠጠች ይመስለዋል። ስህተት ነው! ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በጊዜው ከነበረችው ባለ ሁለት ወንበር 250 ጂቲ ኩፔ ጋር እኩል፣ 2.60 ሜትር ነው። መሐንዲሶቹ ሞተሩን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፉት፤ ጋቢናውም አብሮ ወደ ፊት ሄደ፤ ከኋላ የተገኘው ቦታ ለሁለት ሰው ሆነ። ረጅም ሰው እዚያ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚቀመጠው። ከጎን ስትታይ ግን የቤተሰብ መኪና ናት የሚል አይገኝም፤ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ አጠገቧ ቆሜ ሞተሯ ሲነሳ ስሰማ ደግሞ ከውድድር መኪኖቹ ጋር ያላት ዝምድና ያለ ማስረጃ ገባኝ።

ጉዳቷም የመጣው ከዚሁ ዝምድና ነው። የጂቲኦ ሞተርም ያው መሐንዲሱ ኮሎምቦ የነደፈው፣ ያው 2953 ሲሲ ነው፤ የጎማዎቿ ርቀት ግን 2.40 ሜትር። ስለዚህ ጂቲኦን አስመስሎ መሥራት የፈለገ ሰው ርካሽ ጂቲኢ ገዝቶ አካሏን ይጥልና ሻንሲዋን 20 ሴንቲ ሜትር ይቆርጥ ነበር። እነዚያ መሐንዲሶች አንዲት ሴንቲ ሜትር ሳይጨምሩ ያገኙትን ቦታ በመጋዝ ማጥፋት ነውር ነው። ጂቲኢዋ ትጠፋለች፤ የተሠራችውም ጂቲኦ አትሆንም።

ፍጥነቷን የሚጠራጠር ካለ የሮም ፖሊስን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጥቁር ጂቲኢ ተሰጥቷቸው አርማንዶ ስፓታፎራ የተባለው ፖሊስ ወንጀለኞችን ሲያሳድድባት ኖሯል። ያቺ መኪና እስከ ዛሬ አለች።

አሁን ሰብሳቢዎች እየነቁ ነው። የምትገዙ ካላችሁ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ ማራኔሎ ውስጥ ይህን የሚያረጋግጥ የፌራሪ ክፍል አለ። ከገዛችሁም በኋላ ሸራ አልብሳችሁ አታቁሟት። የቆመ ቤንዚን ካርቡራተሮቿን ይደፍናል፣ ጎሚኒዎቿም ይደርቃሉ። ከግዢው በፊት የሚሞከር አንድ ነገርም አለ፦ ካምቢዮዋ አራት ማርሽ ብቻ ነው፤ ከአራተኛው በላይ በኤሌክትሪክ የሚገባ ኦቨርድራይቭ አለ። እሱን ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ሳትሞክሩ ሂሳብ አትክፈሉ።