ዙፋንና ወፍጮ

ልጆች ሆይ፤ ከዓዲ ሓቂ ሰፈር ተነሥቶ በዚያው በመቐለ ከተማ ወዳለው ወደ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት የሄደ ሰው ከድንጋይ የተሠራ ታላቅ ግንብ ያያል። ይህ ግንብ የተሠራው በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። ኋላም ሙዚየም፣ ማለት የቀድሞ ዕቃ ማሳያ ቤት፣ ሆነ፤ የንጉሡም ዙፋንና አልጋ በውስጡ ለሕዝብ ታየ። ዙፋኑን ከእንጨት የቀረጸው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል የኢጣልያ አናጢ ነበረ። ስለ ሥራውም ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ነገር ግን ንጉሥም ቢሆን እንጀራ ሳይበላ በዙፋን አይቀመጥም። በዚያ ዘመን የሞተር ወፍጮ በአገራችን አልነበረም። ሴቶች ገና ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው፣ እህሉን በመጅ ይፈጩ ነበር፤ ውኃውንም በእንስራ አዝለው ከምንጭ ያመጡ ነበር። ይህ ሥራ ከአናጢው ሥራ ይቀላልን? ለአንድ ቀን የሞከረ ይናገር።

አሮጌ ወፍጮ ያገኘ ሰው መካከሉን በእጁ ይዳስስ፤ ጎድጉዶ ያገኘዋል። ያን ጠንካራ ድንጋይ ያጎደጎደው የሴቶች ክንድ ነው፤ ስማቸው ግን በመጽሐፍ አልተጻፈም። ዛሬ እንዲህ ያለው ወፍጮ ከአጥር ሥር ተጥሎ፣ ወይም የደጃፍ መቀመጫ ሆኖ ይታያል። በአያታችሁ ቤት ካለ፣ ማን እንደ ፈጨችበት ጠይቋቸው፤ እርሳቸው ስሟን ያውቁታል።