«የዘንዶ ልጅ» ወይስ ታትሱኖኮ? ስለ ፊልም ሠሪ ድርጅቶች ዓርማ አሰያየም

የጃፓንን የካርቱን ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና የመጀመሪያው ንግግር ሳይጀመር አንድ ችግር ይገጥመዋል። ፊልሙ ሲከፈት ወይም ሲያበቃ ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ ብሎ የሚጠፋው የአዘጋጁ ድርጅት ምስል በአማርኛ ምን ይባል? አብሮት የሚታየው ስምስ ይተርጎም ወይስ እንዳለ ይወሰድ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተሳሰሩ መሆናቸውን በአንድ ምሳሌ እናሳያለን።

ምሳሌያችን በአገራችን ስሙ እምብዛም የማይታወቀው ታትሱኖኮ ፕሮዳክሽን ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቋቋሙት ዮሺዳ ታትሱኦ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ነው። በ1967 የወጣውና በውጭ አገር «ስፒድ ሬሰር» በሚል ስም የታወቀው ተከታታይ ፊልም የዚህ ድርጅት ሥራ ነው፤ የ1972ቱ «ጋቻማን»ም እንዲሁ። ዓርማው የባሕር ፈረስ፣ ማለት ራሱ የፈረስ ራስ የሚመስለው ትንሽ ዓሣ ነው።

ከሁሉም እንስሳ ይህ ለምን ተመረጠ? በጃፓንኛ «ታትሱ» ዘንዶ፣ «ኮ» ደግሞ ልጅ ማለት ነው። «ኖ» እንደ እኛ «የ» አገናዛቢ ሲሆን ከባለቤቱ ስም በኋላ ይገባል። ስለዚህ ስሙ በጥሬው «የዘንዶ ልጅ» ይሆናል። ይኸው ቃል የባሕር ፈረስም መጠሪያ ነው፤ የተለመደው ስያሜ ግን «ታትሱ ኖ ኦቶሺጎ»፣ የዘንዶ ዲቃላ እንደማለት ነው። በዚህ ላይ የመሥራቹ ስም የሚጀምርበት የካንጂ ፊደል ያው የዘንዶው ፊደል በመሆኑ፣ ስሙ «የታትሱ ልጅ»፣ ማለትም የታትሱኦ የእጅ ሥራ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሦስቱን ፍቺዎች በአንድነት የያዘው ያ ትንሽ ዓሣ ነው።

አሁን ወደ አማርኛ እንምጣ። ለጃፓናዊው ዘንዶ ከአሥራ ሁለቱ የዘመን እንስሳት አንዱ፣ ከውኃና ከዝናም ጋር የተያያዘ፣ መልካም ዕድል የሚያመጣ ፍጡር ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን ዘንዶ ከብት የሚውጥ እባብ ነው፤ አለዚያም በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር የተረገጠው ጠላት ነው። «የዘንዶ ልጅ» ብንል ስድብ ይመስላል። «የባሕር ፈረስ» ብንል መሥራቹ ከስሙ ይወጣሉ፤ ዘንዶውም ጠፍቶ የረገጠው ፈረስ በቦታው ይተካል! ስለዚህ ስሙ ሳይተረጎም መወሰድ አለበት እንላለን።

አጻጻፉም ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንዶች «ታጹኖኮ» ብለው ሊጽፉት ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን የእኛ «ጸ» በጉሮሮ መዘጋት ታግዞ የሚፈነዳ ድምፅ ሲሆን የጃፓንኛው እንዲህ አይደለም። «ታትሱኖኮ» ይቀርበዋል፤ «ት» ያለ አናባቢ እስከተነበበ ድረስ።

የወል ስሙን በተመለከተ፣ «ምልክት» እጅግ ሰፊ ነው፤ «የንግድ ምልክት» ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተወሰነ ሕጋዊ ፍቺ አለው። «ማኅተም» ሥልጣንን ስለሚያመለክት አይስማማም። «ሎጎ» በሁሉም አፍ የገባ ውሰት በመሆኑ ከመዝገበ ቃላት ልናስቀረው አንችልም፤ ቢሆንም ዋናው ስያሜ «ዓርማ» እንዲሆን እንመርጣለን። ይህ ቃል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በሰንደቅ ዓላማው ላይ ላለው ብሔራዊ ምስል የተጠቀመበት ነውና ለአንድ የካርቱን ዓሣ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ ከመካከላችን ተነሥቷል። ይሁን እንጂ የእግር ኳስ ክለብ ዓርማ ሲባል ማንም አይደነግጥም።

ከዚህ በመነሣት በፊልሙ መጀመሪያ የሚታየውን «የመክፈቻ ዓርማ»፣ በመጨረሻው የሚታየውን «የመዝጊያ ዓርማ»፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በስክሪኑ ጥግ የሚያኖሩትን ደግሞ «የማዕዘን ዓርማ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። ዘንዶው በታሪኩ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲመጣ ግን ውሳኔው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ጠባዩን በሥራው ያየዋልና «ዘንዶ» መባሉ አያሳስተውም።