ክረምት ሸሽተው የመጡ እንግዶች



በጥር ወር አንድ እሑድ፣ የሱብሒ ሶላት እንደተጠናቀቀ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ የተሰበሰብነው አሥራ አንድ ነበርን። ሦስት አባቶች፣ ሁለት እናቶች፣ የተቀሩት ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ስንቃችን ዳቦ፣ ቴምርና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ ነው። ካሜራ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ሌሎቻችን በኪሳችን ካለው ስልክ በቀር ሌላ አልነበረንም። መርካቶ ገና አልነቃችም፤ የሱቆቹ ቆርቆሮ በሮች እንደተዘጉ ናቸው።

አንድ ጎረቤታችን ወዴት እንደምንሄድ ጠይቆ ሲረዳ ሳቀብን። «ወፍ ለማየት? ወፍማ እዚሁ አለላችሁ!» አለን። እውነቱን ነው። ቀና ብለን ስናይ ርግቦች ከመስጊዳችን መናራ ተነሥተው ወደ ጎረቤታችን ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይሻገራሉ፤ ከዚያም ይመለሳሉ። በአዲስ አበባ ሕንጻዎች ላይ ከሚያርፉት መካከል በማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ግራጫ ርግብ ትገኝበታለች። ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በዓለም የትም አትኖርም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ከሥሯ ያልፋል። ስንቶቻችን አይተናታል? የጉዟችን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ የተነሣው እንግዲህ ከሰፈራችን ሳንወጣ ነው።

ጥርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። በሰሜኑ ዓለም ግን ክረምት በእኛ በጋ ይውላል። ጥር ላይ በአውሮፓና በሩሲያ ሐይቁ ይረጋል፣ ምድሩ በበረዶ ይሸፈናል፣ ለወፍ የሚለቀም አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ መጋቢት ድረስ በአገራችን ደጋና ሐይቆች ይከርማሉ። የእነርሱ ክረምት የሚገፋው በእኛ በጋ ነው ማለት ነው።

መንገዳቸው ያስደንቃል። ሽመላና ንስር ክንፋቸውን እያርገበገቡ ብቻ ይህን ሁሉ አገር ማቋረጥ አይችሉም። ፀሐይ ካሞቀችው ምድር የሚነሣውን ሞቃት አየር እንደ መሰላል ተጠቅመው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከዚያ እየተንሳፈፉ ወደ ፊት ይሄዳሉ። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይገኝ ሰፊ ባሕር ይፈራሉ። ሽመላው በቱርክ፣ በሻምና በሲና በረሃ ዞሮ የዓባይን ሸለቆ ይከተላል። ከካዛክስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚነሡት ንስሮች ደግሞ በዐረብ ምድር አልፈው፣ ባሕሩ ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጠብበት በባብ አል-መንደብ በኩል ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያ ቦታ በተካሄደ ቆጠራ በአንድ ወቅት ብቻ ከሁለት መቶ ሺህ የሚበልጡ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ ተመዝግቧል።

እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሐቦች በደል ሸሽተው በመጡ ጊዜ ይህች አገር በነጃሺ እጅ ተቀብላቸዋለች። እንግዳን መቀበል ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም።

ከመርካቶ ወደ አስኮ፣ ከዚያም በአምቦ መንገድ በቡራዩ በኩል ገፈርሳ ደረስን። ገፈርሳ ከመሀል ከተማ በስተ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ የሚጠራቀምበት ግድብ ነው። ስለዚህም ከመግባታችን በፊት ጥበቃዎቹን ፈቃድ ጠየቅን። ከዚያ በሣሩ ላይ የእግር ጉዞ ጀመርን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጋቢ የለበሱት እናቶች ከሁላችንም በለጡ።

ልጆቹ ውኃውን ከኮረብታው ላይ እንዳዩ ስልካቸውን ይዘው ቁልቁል ሮጡ። ወፎቹም በአንድ ጊዜ ግር ብለው ተነሡ። ፎቶግራፎቹን ስናይ ባዶ ሰማይ፣ ሣርና የአንድ ልጅ ጫማ ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚያን ጊዜ ካሜራ የያዘው ወንድማችን አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ተቀመጡ፤ ዝም በሉ፤ እነርሱ ይመጣሉ።»

ተቀመጥን። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። ልጆቹ ተቁነጠነጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ወፎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ይመለሱ ጀመር። ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬ መጣ፤ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለ ሌላ ዳክዬ ተከተለው። ሁለቱም ከሰሜን የመጡ እንግዶች ናቸው። ከባለአገሮቹም ጋጋኖ ረጅሙን ቆልማማ ምንቃሩን ሣሩ ውስጥ እየሰደደ ትል ሲለቅም አየነው። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ ያስተኛውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይንም አገኘነው፤ እርሱ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ሰብር በቃል ሲነገር ልጆች ብዙም አይገባቸውም፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን ያለ ስብከት ተማሩት።

ከመካከላችን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ሲመጣ በኪሱ የላስቲክ ወንጭፍ ይዟል። አባቱ አይቶ ሊቆጣው ሲል አንዷ እናት ቀደመችና አጠገቧ አስቀምጣ ታሪክ አጫወተችው። በአንድ ጉዞ ላይ ሶሐቦች የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወስደው እናቲቱ እየተንቀጠቀጠች ስትዞር ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው፣ በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን ነገረችው። ልጁ ምንም አልመለሰም። ጥቂት ቆይቶ ግን የአባቱን ስልክ እንዲሰጡት ጠየቀ። የዕለቱን ምርጥ የጋጋኖ ፎቶግራፍ ያነሣው እርሱ ነው።

ሕይወት ያለውን ነገር ፎቶግራፍ ማንሣት እንዴት ይታያል የሚል ጥያቄ ከወጣቶቹ ተነሥቶ ነበር። በዚህ ጉዳይ የዑለማዎች አስተያየት አንድ አይደለም። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ካሜራ ያለውን ጥላ መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም በማለት ፈቅደዋል፤ ጥንቃቄን የመረጡም አሉ። አንባቢ የሚያምናቸውን ሸይኽ ይጠይቅ። ቤተሰቡ ካሜራን የማይወድ ከሆነም መነጽርና ደብተር ይበቃሉ።

ለመሄድ ለምታስቡ ቤተሰቦች የተማርነውን እናካፍላችሁ። በማለዳ ውጡ፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ወፎቹም ምግብ ፍለጋ ላይ ናቸው። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ወፉ መብላቱን ትቶ አንገቱን ካቀና ያ «አትጠጉኝ» ማለቱ ነውና ባላችሁበት ቁሙ። ለፎቶ ብላችሁ ድንጋይ ወርውራችሁ አታስነሡ፤ ወደ ጎጆም አትቅረቡ። ለሚጠብቀው የመልስ ጉዞ ስብ የሚያከማች ወፍ በከንቱ ባበረራችሁት ቁጥር ስንቁን ታስጨርሱታላችሁ። በደብተራችሁም ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ጻፉ።

ይህ ጽሑፍ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ በብዙ አገሮች የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ይሳተፋል። የጠፋ ነገር መጥፋቱ የሚታወቀው ቀድሞ ስንት እንደነበረ የጻፈ ሰው ሲኖር ነው።

ዙህርን በሣሩ ላይ ሰግደን ስንነሣ አንድ ትልቅ ንስር ከራሳችን በላይ እየዞረ ወደ ሰማይ ሲወጣ አየን። ሁላችንም ዝም አልን። ከካዛክስታን ሜዳ የሚመጣው ንስር እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። በዚያው ዓመት በየቄራው የምናየው ጥምብ አንሣ አሞራ ከዚያም በባሰው፣ በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የሚገድላቸው ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

አሞራ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ሕንድ አይታለች። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት በሚሰጥ ዲክሎፌናክ በተባለ መድኃኒት ሳቢያ ከአንዳንድ የአሞራ ዘሮቿ ከመቶ ዘጠና አምስት የሚበልጠው አለቀ። ጥምቡን የሚያነሣ ጠፋ፤ የባዘኑ ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ ጨመረ። መንስኤው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን አገሪቱ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 ነው።

ማምሻውን ደክመን ወደ መርካቶ ተመለስን። ገበያው እንደ ወትሮው ይተራመሳል። ያ ወንጭፍ ይዞ የመጣው ልጅ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ አፈጠጠ። ጭላቶች ከቆርቆሮዎቹ በላይ ይዞራሉ። «አባዬ፣ በዒድ ቀን የሚመጡት እነዚህ ናቸው?» ሲል ጠየቀ። አዎ፤ በዒደል አድሓ የእርዱን ትራፊ ፍለጋ በሰፈራችን ላይ የሚያንዣብቡት እነርሱ ናቸው። አባቱ ደብተሩን አውጥቶ ሰጠውና «እንግዲህ ቁጠራቸው፤ ለከርሞ ዒድ እናነጻጽራለን» አለው። ልጁ ቆጠረ፤ አሥራ አራት።

እናንተስ፣ ውድ አንባብያን፣ በሰፈራችሁ ሰማይ ላይ ስንት አሉ? ቀና ብላችሁ እዩ፤ ጻፉትም። አላህ የሰጠንን አደራ የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።