ደመወዙ ዘገየ፣ ሥራው ግን አልቆመም

ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው ላቪንግተን ዛፍ ያጠላበት፣ ሰፋፊ ቅጥር ግቢ ያላቸው መኖሪያ ቤቶች የተደረደሩበት ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የፈረንሣይ ሚሲዮናውያን በዚያ አካባቢ የቅዱስ ኦስቲንን ሚሲዮን መሥርተው ቡና አለሙበት። ዛሬ የቡናው ማሳ ቀርቶ ዲፕሎማቶች፣ ነጋዴዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባልደረቦች ይኖሩበታል። ሠፈሩን አቋርጦ የሚያልፈው ጎዳና በጄምስ ጊቹሩ ስም የተሰየመ ነው። ጊቹሩ ነፃ የወጣችው ኬንያ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። የመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ጉዳይ ግን በዚህ ሠፈር ከመንገድ ስምነት አልፎ የዕለት ኑሮን የሚነካ መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።

ከላቪንግተን በስተምዕራብ ካዋንግዋሬ ይገኛል። ይህ ሠፈር ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ኪራዩ ዝቅ ያለ፣ ነዋሪው የበዛ ነው። በየማለዳው ብዙ ሰው ከዚያ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ላቪንግተን ይጓዛል። ጥቂቱ ዘበኛ፣ ጥቂቱ አትክልተኛ፣ ጥቂቱ የቤት ሠራተኛ ነው። በመንግሥት መዝገብ የሚተዳደረው የጽዳት ሠራተኛና የጤና ጣቢያ ረዳትም ከእንዲህ ያለው ሠፈር ተነሥቶ ነው ወደ ሥራው የሚሄደው። የመንግሥት ካዝና ሲቆለፍ ምን እንደሚከተል ለመረዳት እነዚህን ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሠረት ከ2013 ጀምሮ በ47 ካውንቲዎች ተከፋፍላ ትተዳደራለች። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ፣ የቆሻሻ ማንሳት፣ የእሳት አደጋ መከላከልና የመሳሰሉት ተግባሮች በካውንቲዎቹ እጅ ናቸው። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት ነው። የአገሪቱ የበጀት ዓመት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1 ቀን ይጀመራል። የድርሻ ክፍፍሉ ሕግ በጊዜው ካልጸደቀ ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ ሊንቀሳቀስ አይችልም። ሐኪሙ በሥራ ገበታው ላይ ቢገኝም፣ አዋላጇ ሌሊቱን ስታዋልድ ብታድርም፣ የደመወዝ መክፈያው ሰነድ በጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የደረሰው ይኸው ነው። ሴኔቱ ገንዘቡ በምን መለኪያ ይከፋፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ደጋግሞ ተሰብስቦ ደጋግሞ ሳይስማማ ተበተነ። የሕዝብ ብዛት ይበልጥ ይቆጠር ቢባል እንደ ናይሮቢና ኪያምቡ ያሉት ይጠቀማሉ። በአንጻሩ ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰኑት ማርሳቢትና ማንዴራ፣ እንዲሁም ዋጂርና የባሕር ጠረፉ ካውንቲዎች ይጎዳሉ። ሁለቱም ወገን የሚያቀርበው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ክርክሩ ሐምሌንና ነሐሴን አልፎ ወደ መስከረም ሲሸጋገር፣ ወረርሽኙ በተፋፋመበት ሰዓት፣ በብዙ ካውንቲዎች የሚገኙ ሠራተኞች ደመወዛቸው ዘግይቶባቸው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

በመጨረሻ የካውንቲ ገዥዎች ምክር ቤት ገንዘብ ስለ ሌለ የካውንቲዎቹ ሥራ ከሴፕቴምበር 17 ቀን 2020፣ ማለትም ከመስከረም 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሆስፒታሎችም አዲስ ሕሙማንን አስተኝተው እንዳያክሙ ተባለ። በዚያው ዕለት ሴኔቱ ተስማማ። ለዚያ ዓመት 316.5 ቢሊዮን ሺሊንግ በነባሩ መለኪያ እንዲከፋፈል፣ አዲሱ መለኪያ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ታክሎበት ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንዲሠራበት ተወሰነ። ለሳምንታት የማይቻል መስሎ የቆየው ስምምነት የመዘጋቱ ቀን ሲደርስ በአንድ ቀን ተቻለ። ከዚህ የምንረዳው፣ መዘግየቱ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ከውሳኔ እጥረት የመነጨ እንደ ነበር ነው።

ናይሮቢ በዚያው ዓመት ሌላም የራሷ ጠብ ነበረባት። በፌብሩዋሪ 2020 ገዥው ማይክ ሶንኮ የጤናን፣ የትራንስፖርትን፣ የሕዝብ ሥራዎችንና የከተማ ፕላንን ተግባር ለማዕከላዊው መንግሥት የሚያስተላልፍ ውል ፈረሙ። ለዚሁ የተቋቋመው የናይሮቢ ሜትሮፖሊታን አገልግሎት በአየር ኃይሉ መኮንን በሜጀር ጄኔራል መሐመድ ባዲ እንዲመራ ተደረገ፤ ከ6 ሺህ የሚበልጡ የካውንቲው ሠራተኞችም ወደ እርሱ ተዛወሩ። ብዙም ሳይቆይ ገዥው ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ አልፈርምም አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 37.5 ቢሊዮን ሺሊንግ የሆነው የከተማዋ በጀት፣ 27.1 ቢሊዮኑ ለሜትሮፖሊታን አገልግሎቱ የተመደበበት፣ ፊርማ አጥቶ ቆየ። ገዥው በዲሴምበር 2020 ከሥልጣን ተወገዱ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚለው የምሥራቅ አፍሪካ ተረት ለዚህ ዐይነቱ ጊዜ የተነገረ ይመስላል። ፊርማ የነፈገው ባለ ሥልጣንም ሆነ ፊርማ የጠየቀው ወገን እራቱን አላጣም፤ የወሩን ደመወዝ በጭንቀት የሚጠባበቀው በዝቅተኛው እርከን ላይ ያለው ሠራተኛ ነው።

ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላል። አባባሉ ለእንግዳ ይሠራ ይሆናል እንጂ ለደመወዝ አይሠራም። የቤት ኪራይ በወሩ የመጀመሪያ ቀኖች ይከፈላል። በኬንያ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ ሳኮ በሚባለው የቁጠባና የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ስለ ሆነ የብድሩ ክፍያ በቀጥታ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ደመወዙ ካልገባ ብድሩም አልተከፈለም። ጉድለቱን ለመሙላት ሠራተኛው በተንቀሳቃሽ ስልኩ ፉሊዛን ከመሰለ አገልግሎት ይበደራል፤ ለዚያም በየቀኑ ክፍያ ይታሰብበታል። ከሁለት ወር በኋላ ውዝፉ በሙሉ ቢከፈለው እንኳ በመካከሉ የከፈለውን መቀጫና ወለድ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የዘገየ ደመወዝ በቁጥር ሙሉ ቢሆንም በዋጋው የጎደለ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሠራተኛው ለመንግሥት ያለ ወለድ አበድሮ፣ ራሱ በወለድ ይበደራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንመለስ። የካውንቲው ቆሻሻ ማመላለሻ ሲቆም የላቪንግተን ነዋሪ የግል ድርጅት ከፍሎ ያስነሳል፤ ውኃ ሲጠፋ ቦቴ ይጠራል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳል፤ ሲታመም ወደ ግል ሆስፒታል ይሄዳል። የካዋንግዋሬ ነዋሪ ግን ያለው እንደ ምባጋቲ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ለመውለድ የደረሰች እናትም እንደ ፑምዋኒ ያለው የመንግሥት የማዋለጃ ሆስፒታል በር ከተዘጋባት ሌላ በር የላትም። የመንግሥት አገልግሎት ሲዘጋ ድኻው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ ደመወዝ እንዳጣ ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎት እንዳጣ ተገልጋይ። ደመወዙ የዘገየበት ሐኪምና አዋላጅ ሥራውን ጥሎ ከመሄድ የሚያግደውም ይኸው ነው፤ ጥሎ ቢሄድ የሚጎዳው ደመወዙን ያዘገየበት ባለ ሥልጣን ሳይሆን በበሩ ላይ የተሰለፈው ወገኑ መሆኑን ያውቃል።

ችግሩ በ2020 አላበቃም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የኬንያ መንግሥት ሠራተኞች የማርች ደመወዛቸው ዘገየባቸው። የዚያን ጊዜው የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪ ዴቪድ ንዲ፣ የዕዳ መክፈያ ጊዜ ሲደራረብና ገቢው ሲያንስ ምርጫው ደመወዝ መክፈል ወይም ዕዳን ሳይከፍሉ መቅረት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። አነጋገሩ ብዙዎችን ቢያስቆጣም የአሠራሩን እውነት አወጣ። የውጭ አበዳሪ አንድ ቀን ቢዘገይበት የአገሪቱ ስም በዓለም ገበያ ይጎድፋል፤ ሠራተኛው አንድ ወር ቢዘገይበት ግን ይታገሣል ተብሎ ይታሰባል። ታጋሹ በትዕግሥቱ ምክንያት የመጨረሻው ባለ ዕዳ ጠያቂ ይሆናል።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ የባንክና የስልክ አገልግሎት ሲቋረጥ፣ በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች መድኃኒት በተመናመነበት ሁኔታ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሕሙማንን አገልግለዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተደረሰው ስምምነት አፈጻጸም በኅዳር ወር በጦር አዛዦች የተፈረመው በዚችው በናይሮቢ ነበር። ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላም የውዝፍ ደመወዙ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ ቆይቷል።

ሀብታሞቹም አገሮች ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 ጀምሮ ለ35 ቀናት በዘለቀው የመንግሥት ሥራ መዘጋት 800 ሺህ ያህል ሠራተኞች ደመወዝ ተቋርጦባቸው ነበር፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በሥራ ላይ ነበሩ። ከ40 ሺህ በላይ የሆኑት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አባሎች በግዳጅ ላይ እያሉ ደመወዝ አጡ። መዘጋቱ ሳያበቃ በ2019 ውዝፉ እንዲከፈል የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱ ተደግሞ 43 ቀናት ቆየ። ሕጉ የመንግሥትን ሠራተኛ ውዝፍ ሲያስከብር በኮንትራት የሚሠራውን የጽዳት ሠራተኛ ግን አያካትትም።

በጦር ሜዳ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምሽግ የሚይዘው ወታደር ስንቁ ሲዘገይበት ምሽጉን ጥሎ አይሄድም። ዳሩ ግን የወታደሩን ጽናት እንደ ስንቅ ቆጥሮ ማመላለሻውን የሚያዘገይ አዛዥ፣ ከጠላት ይልቅ በራሱ እጅ ምሽጉን ያስለቅቃል። የሲቪሉም አገልግሎት ከዚህ አይለይም። የነርሷ ታማኝነት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ንቃት፣ የጽዳት ሠራተኛው ማለዳ መነሣት የአገር ሀብት ነው እንጂ በጀት ሲጓደል የሚመነዘር መጠባበቂያ ገንዘብ አይደለም።

መፍትሔውም ከአቅም በላይ አይደለም። የክፍፍል ክርክር ሲራዘም የደመወዙ ድርሻ በዓምናው ልክ በጊዜያዊነት እንዲለቀቅ በሕግ መወሰን ይቻላል። ደመወዝ ከዕዳዎች ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጠው ማድረግ፣ በመዘግየቱ የተከፈለውን መቀጫም አዘግይው ወገን እንዲሸከመው መደንገግ ይቻላል። ይህ ሳይደረግ ለሠራተኛው የሚሰጥ ምስጋና ባዶ ቃል ነው። በሥራው ላይ ጸንቶ የቆየ ሰው ምስጋናውን ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ቀድሞ የሚጠብቀው ግን በወሩ መጨረሻ የሠራበትን ነው።