የድመት ሽንት የነካው ስጋጃ ስንት ያወጣል?

ያገለገለ የቤት ዕቃ ገበያ ላይ ሶፋ ቢቀደድ ይሰፋል፣ ቁምሳጥን ቢፋቅ ቀለም ይቀባል። ድመት ወይም ውሻ የሸናበት ስጋጃ ግን ገዢው አንዴ ካሸተተው ዋጋው ይሰበራል፤ አለዚያም ጨርሶ የሚያነሳው አይገኝም። ከአገር የሚወጡ የውጭ ዜጎች ጠቅልለው በሚሸጡት ዕቃ ላይ፣ እንዲሁም ከነዕቃው በሚከራይ ቤት ርክክብ ላይ ጉዳዩ በቀላሉ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ሻጩ «አሳጥቤዋለሁ» ይላል። ገዢው ደግሞ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሽታው ተመልሶ ይመጣበታል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። አፍንጫ የሚሰነፍገው አሞኒያ የሚፈጠረው በሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ሲያፈርሰው ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት ደግሞ ፌሊኒን የተባለ፣ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ ይህም ቀስ እያለ ሲፈርስ ሽታው እየከረረ ይሄዳል። ውኃው ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ጨው በክሮቹ ሥር ይጣበቅና በጋውን ዝም ብሎ ይከርማል። ክረምት ሲገባ ከአየሩ እርጥበት ይስብና ሽታውን ይለቃል። በጥር ፀሐይ የተገዛ ስጋጃ በሐምሌ ሌላ ስጋጃ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር ጥልቀቱ ነው። ሽንት ከላይ የሲኒ አፍ የሚያህል ምልክት ትቶ ከሥር በጀርባው ጨርቅና በመደቡ ላይ የሰሃን ያህል ሊሰፋ ይችላል። ላይ ላዩን የታጠበ ስጋጃ እንግዲህ ግማሹ ብቻ ታጥቧል ማለት ነው። በመሆኑም ገዢ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይኖርበታል። በለብ ያለ ውኃ የረጠበ ነጭ ጨርቅ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ቢሸተት ብዙ ይናገራል። ነጋዴዎች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት አልትራቫዮሌት መብራትም እዚህ ይሠራል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲበራበት የደረቀ ሽንት ወደ ቢጫ ያደላ ሆኖ ያበራል። ይሁንና ብዙ ዓይነት ዱቄት ሳሙናም በዚሁ መብራት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ስለሚያበራ፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ስጋጃ ዓይን ሊያታልል ይችላል። ሻጩ ዕጣን እያጨሰ ከተቀበለ ደግሞ በሌላ ቀን፣ መስኮቱ ተዘግቶ ባደረ ቤት ውስጥ ተመልሶ ማሽተት ይበጃል።

ከማጽዳት በፊት ክሩ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከጠርዙ አንዲት ክር ተመዝዛ ብትለኮስ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። ፕላስቲክ ነክ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ልዩነቱ የገንዘብ ነው፤ በረኪና ሱፍን ይበላል፣ ቀለሙንም ያጠፋል። ከዚህም የከፋው በረኪና አሞኒያ ካለበት ሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ጋዝ ማውጣቱ ነው። «ሽታውን በበረኪና እገድለዋለሁ» የሚል አጣቢ ስጋጃውን ባያስነኩት ይሻላል። በእንፋሎት የሚያጥብ ማሽንም ሙቀቱ እድፉንና ሽታውን ከክሩ ጋር ሊያጣብቀው ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ሽንቱ ትኩስ ከሆነ ማሸት አያስፈልግም። ነጭ ፎጣ አንጥፎ በእግር ቆሞ መጫን፣ ፎጣውን እየለወጡ መምጠጥ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ መድገም ነው። ቀጥሎ አቼቶ በእኩል ውኃ ተበርዞ ይነከርበታል፤ አሞኒያውን ያበርደዋል። ቀለም እንዳይለቅ ግን አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ላይ መሞከር የግድ ነው።

ለቆየ ሽንት የሚያዋጣው ኢንዛይም ያለበት የቤት እንስሳት ሽንት ማጽጃ ነው። ብዙዎች ረጭተው ወዲያው ስለሚያደርቁት «አይሠራም» ይላሉ። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ መግባትና በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሱፍ ራሱ ፕሮቲን በመሆኑ ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ለሱፍ እንደሚሆን ማሸጊያው ላይ የተገለጸውን መምረጥ ያሻል። ከዚያ በኋላ ስጋጃው ተሰቅሎ በሁለቱም ወገን ነፋስ እያገኘው መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ሻጋታ ይጨመርበታል።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ በእጅ የተሠራ የሱፍ ስጋጃ ቀለሙ ካልተነካ የማጽጃውን ወጪ ሊሸከም ይችላል። ሽንት የበላው ቀለም ግን በእጥበት አይመለስም፤ ዋጋው ያንን ተቀንሶ ነው መቆረጥ ያለበት። ርካሽ የማሽን ምንጣፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሚታጠብ አዲስ ቢገዛ ይቀላል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው መደብና ሲሚንቶው ጭምር መጥጦ ሊገኝ ስለሚችል፣ ምንጣፉን ብቻ መለወጥ ሽታውን አያስወግድም። እንስሳ ያለው ተከራይ በሚገባበት ቤት አከራዩ የየክፍሉን ምንጣፍ ሁኔታ በርክክብ ሰነዱ ላይ ማስፈር፣ ከመያዣው ገንዘብ ምን እንደሚቀነስም ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት መስማማት ይኖርበታል።